ጋሽ ገረመውና ያልደረሰው ሽጉጥ

በየቤተ ዘመዱ ስልክ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። የሐኪም ቀጠሮ ሲገፋ፣ የባንክ ካርድ ሲቆለፍ፣ ከመንግሥት የመጣ ደብዳቤ የጻፈው ሰው ራሱ ሊያብራራው የማይችል ሆኖ ሲገኝ፣ ሌላው ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የማያልቅ ሙዚቃ ያዳምጣል። ይህ ሰው ግን ተነሥቶ ኮቱን ይለብሳል። «ተዉት በቃ፣ እኔ በአካል ሄጄ ላናግራቸው» ይላል። በዘመዶቼ መካከል እንዲህ ያለ ሰው የለም የሚል ካለ፣ ያ ሰው እሱ ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

ለሰገነት ይህ ዕጣ የደረሳት በታችኛው ፎቅ ጎረቤቷ በኩል ነው። ሊቀ ባለጉዳይ፣ የደጅ ጥናት ፊታውራሪ፣ ክቡር ጋሽ ገረመው ሰባ ዓመት ካለፋቸው ቆይቷል። በሱዳን አድርገው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ከገቡ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልሱ ኖረዋል። ስለዚህ ከዳሊ ሲቲ እስከ ሳን ሆዜ የየትኛው መሥሪያ ቤት በር በየት በኩል እንደሆነ ያውቃሉ። የማያውቁት አብዛኞቹ በሮች ለሰው መከፈታቸውን ከተዉ መቆየታቸውን ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ የጤና ኢንሹራንሳቸው ፋይል ላይ ሴት ተብለው ተመዘገቡ። ልጆቻቸው ድረ ገጹ ላይ ይስተካከላል አሏቸው። እሳቸው ግን ደብዳቤው ላይ ያለውን አድራሻ ይዘው ሄዱ፤ አድራሻውም ዳሊ ሲቲ ያለ የኪራይ የፖስታ ሣጥን ሆኖ ተገኘ። ሌላው ሰው ተሳድቦ ይመለስ ነበር። ጋሽ ገረመው ከሣጥኑ ፊት ለፊት ቆሙ። ደብዳቤ የሚገባበት ሣጥን ደብዳቤ የሚያወጣ ሰው አያጣም ብለው ነው። ሰውየው መጣ፣ ደነገጠ፣ አዘነ፣ ጉዳዩ የሚመለከታት ሴትዮ ጋ ራሱ አገናኛቸው፤ በሳምንቱም ወንድነታቸው ተመለሰላቸው። የጋሽ ገረመው ክፋታቸው ይኸው ነው። አንዳንዴ ይሳካላቸዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚችላቸው የለም።

ሰገነት ግን በዚያ ሰሞን እሳቸውን ለመቻል የሚሆን ትዕግሥት አልነበራትም። ሰገነት ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ የቢሮ ሕንፃ መግቢያ ላይ በሴኩሪቲነት ትሠራለች። ፈረቃዋ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሌሊት ያልቃል። ልጇ ቤዚ ከትምህርት ቤት ስትገባ እናት ወጥታለች፤ እናት ስትገባ ልጅ ተኝታለች። የልጅቱን ድምፅ የምትሰማው በእረፍት ሰዓቷ በስልክ ነው፣ ያውም ለሁሉም ጥያቄ «አይም ጉድ፣ ማም» የሚል መልስ ብቻ ይዛ። ይህ ሰገነትን ከምንም ነገር በላይ ያንገበግባታል። ስለዚህ ሥልጠናውን ወሰደች፣ የተኩስ ፈተናውን አለፈች፣ መሣሪያ ታጥቆ ለመሥራት የሚያስችለውን ፈቃድ አወጣች። አለቃዋ ህዝቅያስም እዚያው ሳን ሆዜ ካለ የጌጣጌጥ ማከማቻ የጧት ፈረቃ ጠበቀላት። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ድርጅቱ መሣሪያ አይሰጥም፤ ታጣቂው የሰለጠነበትን ዓይነት ሽጉጥ ይዞ ይመጣል።

የምትፈልገው ዓይነት በአካባቢው ሱቆች ስለጠፋ በኢንተርኔት አዘዘች። በዚህ ስቴት ሽጉጥ እንደ ጫማ ቤት ድረስ አይመጣም። ፈቃድ ወዳለው ሱቅ ይላካል፣ ሱቁ ተቀብሎ ያስመዘግባል፣ ከዚያ የሕጉ አሥር ቀን ይቆጠራል፣ ከዚያ ነው ባለቤቱ የሚረከበው። ሰገነት በዚህ አትናደድም። ሕግ ነው፣ ጥሩ ሕግ ነው። የሚያናድዳት አሥሩ ቀን የሚጀምረው ሣጥኑ ሳን ሆዜ ያለው ሱቅ ሲደርስ መሆኑና ሣጥኑ አለመድረሱ ነው።

በመጀመሪያ የጠፋው ግን ሽጉጡ አይደለም፣ ማኅደሩ ነው። ወገብ ላይ የሚታሰረው የሽጉጥ ማኅደር ቤት ድረስ ሊላክ ይችላል፣ ተላከም። አንድ ቀን ስልኳ «ዕቃዎ ደርሷል» አላት፤ ማስረጃም አያይዞ። ፎቶግራፉ ላይ ሣጥኑ አንድ ቀይ በር ሥር ተቀምጧል። የሰገነት በር አረንጓዴ ነው። ደውላ ይህንን ስትናገር ስልኩን ያነሣችው ልጅ በፎቶው መሠረት ዕቃው ደርሷል አለቻት። በማን በር እንደሆነ ግን በፎቶው አይታወቅም አለቻት። ዓለም እዚህ ደርሷል። የጠፋብህን ዕቃ ፎቶ አንሥተው ይልኩልህና ፋይሉን ይዘጋሉ።

ጋሽ ገረመው ፎቶውን አጉልተው አዩት። «ቀይ በር ነው። የት ይሄዳል?» አሉ። ሰገነት ቀልድ መስሏት ወደ ሥራዋ ሄደች። እሳቸው ግን ስልካቸውን እንደ መብራት ወደ ፊት ዘርግተው፣ የሰፈሩን በር ሁሉ ከፎቶው ጋር እያስተያዩ፣ ቀይ የሆነውን እያንኳኩ ሲዞሩ ዋሉ። በኦክላንድ። የሰው በር እያንኳኩ፣ የሽጉጥ ማኅደር ጠፍቶብን ነው እያሉ። ማታ ሲመለሱ ማኅደር የለም፣ አንድ ፌስታል ሎሚ ግን አለ። ከቀይ በሮቹ የአንዱ ባለቤት የሆነች አሮጊት ከጓሮዋ ለቅማ ሰጥታቸው ነው። ሰገነት ሎሚውን አልነካችም። ማኅደር ሥራ ከለቀቀ ባልደረባዋ ተዋሰች፣ ጋሽ ገረመውንም ቢተኩሱብዎትስ ብላ ተቆጣቻቸው። እሳቸውም ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ጤና ይስጥልኝ ባለ ሽማግሌ ላይ የሚተኩስ አላየሁም አሏት።

ከዚያ ሽጉጡ ራሱ መንገድ ላይ ቀረ። የዕቃውን ጉዞ የሚያሳየው ትራኪንግ ሣጥኑ በኦክላንድና በሳን ሆዜ መካከል ኒውአርክ ካለው የዕቃ አድራሹ መጋዘን ገባ ይላል፣ ከዚያ መንገድ ላይ ነው ይላል፣ ከዚያ ነገ ይደርሳል ይላል። በማግስቱም ነገ ይደርሳል ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ተረት ድሮ ለሞኝ ነበር የሚተረተው፤ አሁን ትራኪንግ ነምበር ተሰጥቶት ሁላችንም በየሰዓቱ ወደ ሰማይ እናንጋጥጣለን። ሰገነት ሻጩ ጋ ደወለች፤ ከእጃችን ወጥቷል፣ አድራሹን ጠይቂ አሏት። አድራሹ ጋ ደወለች፤ ላኪውም ተቀባዩም አንቺ አይደለሽም፣ ማመልከት የሚችሉት እነሱ ናቸው አሏት። ተቀባዩ ሱቅ ጋ ደወለች፤ ያልደረሰን ዕቃ ጠፋ ብለን ማመልከት አንችልም፣ ሻጩን ጠይቂ አሏት። ሦስቱም በትሕትና ነው የሚናገሩት። ሰገነት ቢሰድቧት ይቀላት ነበር።

አድራሹ ደግሞ ሰው የሚመስል መልስ ሰጪ ማሽን አለው። ዕቃዬ የት ነው ብላ ብትጽፍለት «ብስጭትዎን እንረዳለን» ይላታል። ብስጭት የሚረዳ ማሽን ለመሥራት አእምሮ ያላቸው ሰዎች ሣጥን ከኒውአርክ ሳን ሆዜ የሚያደርስ አእምሮ እንዴት እንዳጡ የሚያስረዳ ግን የለም። በሥራ ሰዓት ቤዚን ለማናገር የሚተርፋትን እረፍት ሳይቀር ይህ ማሽን በላው። ጫማ ቢጠፋ ጫማ ነው የጠፋው። ይሄ ሽጉጥ ነው። ኦክላንድ ውስጥ ተኩስ ተሰማ የሚል ዜና ባየች ቁጥር፣ በእኔ ስም የታዘዘው ሣጥን በማን እጅ ነው ያለው እያለች ትራኪንጉን ትከፍታለች።

ህዝቅያስም የሚችለውን ያህል ከጠበቀ በኋላ ጠርቶ ቁርጡን ነገራት።

«ሲስ፣ ፖስቱ ያንቺ ነው፣ ባት ክላየንቱ አይጠብቅም። እስከ ፍራይደይ ቦክሱ ሱቁ ከገባ፣ ዌይቲንግ ፒሪየዱ በጊዜ ያልቅልሻል። ካልገባ ለሌላ ሰው አሳይን ላደርገው ነው። አይም ሶሪ።»

ያን ቀን ሰገነት ደረጃው ላይ ጋሽ ገረመውን ስታገኛቸው ፊቷን መደበቅ አልቻለችም። ነገረቻቸው። ነግራ ሳትጨርስ፣ ያሳየቻቸውን የትእዛዝ ወረቀት ኮፒ ኪሳቸው ከትተው እጃቸው ወደ ኮታቸው ቁልፍ ሲሄድ አየች።

«ጋሼ፣ አይሆንም» አለች። «ይሄ ሽጉጥ ነው። አንድ ጥቁር ሽማግሌ መጋዘን በር ላይ ቆሞ ሽጉጤን አምጡ ሲል ምን እንደሚመስል ያውቃሉ? ፖሊስ ነው የሚጠሩብዎት። የኔንም ፐርሚት ካንስል ያደርጉታል። በማርያም ይዤዎታለሁ፣ እንዳይሄዱ።»

«ሽጉጤን አምጡ አልልም» አሉ ጋሽ ገረመው ቅር ብሏቸው። «የልጃችንን ሽጉጥ ነው የምለው።»

አስማለቻቸው። ብቻቸውን ላይሄዱ ማሉ። ሰገነት በንዴቷ ብዛት ብቻዬን የምትለዋን ቃል አላስተዋለችም።

ሐሙስ ዕለት ሕንፃው መግቢያ ላይ ቆማ ሳለ የማታውቀው ቁጥር ደወለላት። ኒውአርክ ካለው መጋዘን የምትደውል የፈረቃ ኃላፊ ናት። ሴትዮዋ በጣም በዝግታ ነው የምትናገረው፣ ሰው ሲፈራ ወይም ግራ ሲገባው እንደሚናገረው። ሙሉ ልብስ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች እንግዳ መቀበያ ክፍላችን ውስጥ ቆመዋል አለች። የትእዛዙን ወረቀት ፎቶ ኮፒ ይዘዋል፣ ስልክሽን ያገኘሁት ከዚያ ነው። ስለ ሽጉጥ ነው የሚያወሩት፣ ሁሉንም አክብሬ ነግሬያቸዋለሁ፣ አይሄዱም፣ የሚገርመው ደግሞ አይቀመጡም። «እባክሽ መጥተሽ አባቶችሽን ውሰጂልኝ» አለቻት።

ሰገነት ቦታውን ለባልደረባዋ ለምና ሰጥታ መኪናዋን አስነሣች። ከሳን ሆዜ ኒውአርክ ድረስ በመንገዱ ሁሉ ስትናገር ሄደች። ምሕረት የሌለው ንግግር ነበር። በእርጅናዎ ማፈር ሲገባዎ፣ አለችው የመኪናውን መስታወት። የኔን እንጀራ በራስዎ ጉራ ሊያሳርሩት፣ አለችው። ማን ላከዎት፣ ማን ጉዳዬን አስፈጽሙልኝ አለዎት። ከዛሬ በኋላ ደረጃው ላይ ቢያገኙኝ ሰላም እንዳይሉኝ፣ አለች፤ ፊት ለፊት እንደማትለውም እያወቀች ደገመችው። ፖሊስ ቀድሟት ደርሶ ቢሆንስ የሚለውን ሐሳብ ግን ጮክ ብላ አልተናገረችውም።

ፖሊስ አልነበረም። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ሥር የተደረደሩ ባዶ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ከወንበሮቹም ፊት ሦስት የቆሙ ሽማግሌዎች ነበሩ። በስተቀኝ ነጭ ጺማቸውን ያሳደጉት አቶ ሰረቀብርሃን፣ በየበዓሉ ከቅዳሴ የማይቀሩ። በስተግራ በአማርኛው የጴንጤ ጉባኤ የእንግሊዝኛ ስብከት የሚያስተረጉሙት ወንድም ቃለጽድቅ። እነዚህ ሁለቱ ከጾም አጀማመር እስከ ጸሎት አዘጋግ ተስማምተውበት የሚያውቁት ነገር የለም። መሃል ላይ ጋሽ ገረመው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ባርኔጣቸውን ሁለት እጃቸው ላይ ይዘው። ሰገነት ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባት። ሰዎቹ አቤቱታ ሊያቀርቡ አይደለም የመጡት። ሽምግልና ነው የመጡት። ልጃችሁን ለልጃችን ተብሎ እንደሚኬደው፣ ሽጉጡን ሊለምኑ ነው የመጡት። ሽማግሌ ደግሞ የለመነው ሳይፈጸምለት ቁጭ በሉ ቢባል አይቀመጥም።

«አንቺ ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አሉ ጋሽ ገረመው ሲያዩዋት፣ በእውነት ደንግጠው። «ልጅቱ ባለችበት ይለመናል እንዴ?»

ሰገነት አፏን ከፈተች። መኪና ውስጥ ያዘጋጀችው ሁሉ ምላሷ ላይ ነበር። ከመናገሯ በፊት ግን ብርቱካናማ ሰደሪያ የለበሰችው ኃላፊ ከውስጥ በር ወጣች። ላቧን በክንዷ እየጠረገች የሆነውን ተናገረች። ጉዳዩን የሚያመለክተው ላኪው እንጂ እናንተ አይደላችሁም ብላቸው፣ ወንድም ቃለጽድቅ አመልካች አይደለንም፣ ለማኞች ነን ብለው ተረጎሙላት። ለዚህ ሲስተሙ ላይ ቦታ የለውም። ወንበር ሰጠቻቸው፣ እምቢ አሉ። ውኃ ሰጠቻቸው፣ ቆመው ጠጡ። እሷ ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ ልትቀመጥ ብትሞክር ደግሞ አልቻለችም። አያቶቿን የሚያካክሉ ሰዎች እንዲያ ቆመው እያሉ መቀመጥ አቃታት። ቆመች። ከቆመችም ላይቀር ብላ ወደ ኋላ ሄዳ፣ ፊርማ የሚያስፈልጋቸው ዕቃዎች የሚቆለፉበትን የሽቦ ክፍል ከፍታ፣ ከላይ እስከ ታች በእጇ ፈተሸች።

«አግኝቼዋለሁ» አለች። መለያ ወረቀቱ ተቀድዶ ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቆ ነበር። ሲስተሙ ግን መኪና ላይ ተጭኗል ብሎ ስለሚያምን የፈለገው ሰው የለም።

ሰገነት ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስ አላላትም። መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው፤ ከእግሯ ጀምሮ ነው የመጣው።

«እዚህ ነበር?» አለች በእንግሊዝኛ። «መንገድ ላይ ነው፣ ነገ ይደርሳል ስትሉኝ፣ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ነበር? ልጄን ማናገሪያ ሰዓቴን ከማሽናችሁ ጋር ስጨርስ፣ እዚህ ነበር?»

ኃላፊዋ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን አለች። ቃሉ የማን እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ ስትናገረው ዐይኗን ሰበረች። ከዚያ በራሷ ቃል አስረዳች። ሣጥኑን ለእናንተ መስጠት አልችልም፣ በሕግ ወደ ሱቁ ነው የሚሄደው። አዲስ መለያ ለጥፌበታለሁ፣ ዛሬ ማታ ሳን ሆዜ የሚሄደው መኪና ላይ ይጫናል፣ ነገ ዓርብ ጧት ሱቁ ይገባል። «አሁን ቤታችሁ መሄድ ትችላላችሁ» አለች። «ሲስተሙ ላይ ታዪዋለሽ።»

ወንድም ቃለጽድቅ ለሁለቱ ተረጎሙ። አቶ ሰረቀብርሃን አማተቡ። ጋሽ ገረመው አሰብ አደረጉና ጭነቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁ። አመሻሽ ላይ ነው ተባለ። ጋሽ ገረመው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ባርኔጣቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ፣ ከቆሙበትም አልተነቃነቁ። ያኔ ነው ሰገነት እግራቸውን ያየችው። ቀኝ ጉልበታቸው ሱሪያቸው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ደረጃ ሲወጡ ሁለት ጊዜ የሚያርፉበት ጉልበት ነው። ክብደታቸውን ወደ ግራ አዝምመው፣ ማንም እንዳያይባቸው ደግሞ ባርኔጣውን ጭናቸው ላይ ተጭነው ይዘውበታል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይቀመጡ» አለች በአማርኛ። እንዲህ ያለ ድምፅ መኪና ውስጥ ባደረገችው ንግግር አልነበረም።

«መኪናው ሲሄድ» አሉ። «ይደረጋል ማለትና ተደረገ ማለት አንድ አይደለም። አንቺ ሂጂ፣ ልጅቱ ትጠብቅሻለች።»

ኃላፊዋ ሁለቱ የተባባሉት አልገባትም። ቢያንስ አንዷ ታርፍ ብላ ነው መሰል፣ ከግድግዳው ሥር አንድ ወንበር ጎትታ ሰገነት ጉልበት ድረስ አቀረበችላት። እውነት ለመናገር ሰገነት ደክሟት ነበር። ሥራዋ መቆም ነው፣ ዓመቱን ሁሉ ለሰው ሕንፃ ስትቆም ነው የኖረችው፤ ለራሷ ጉዳይ ቆማ ግን አታውቅም፣ ስትደውል ነው የከረመችው። ወንበሩን በእግሯ ወደ ግድግዳው መለሰችው።

«ዊ ዎንት ሲት፣ አንቀመጥም» አለች፣ ክፍሉን ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። «እስኪጫን ድረስ ቆመን እናያለን። በዐይናችን።»

ከዚያ ከጋሽ ገረመው በስተግራ ገብታ ቆመች፣ ያዘነበሉበትን ጎን በትከሻዋ ተቀብላ። ሰውነታቸው ከምታስበው በላይ ቀሊል ነበር። እሳቸውም ጠጋ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ፣ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ።

«ቀስ በይ እንጂ ልጄ፣ እየለመንን እኮ ነው» አሏት።

ሰገነት ግን እየለመነች አልነበረም።